ዘፈኑን ከማን ተቀበላችሁት?

ውድ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ ሙዚቃ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም አንዳንዶቻችሁ ጊታራችሁን ወይም ክራራችሁን ይዛችሁ ወደ ቤቴ ትመጣላችሁ፤ የምታነሡልኝም ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የራሴን ድምፅ እንዴት ላግኝ?» ትሉኛላችሁ። እኔ ግን ከዚህ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ እንዳለ አምናለሁ። እሱን ለማስረዳት ለብዙ ዓመታት ሸክላዎቹን ስሰማ የኖርኩትን አየርላንዳዊ ድምፃዊና የዘፈን ደራሲ፣ ክሪስቲ ሙርን፣ ላነሣላችሁ ወድጃለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ክሪስቲ ሙር በ1945 በኪልዴር አውራጃ፣ ኒውብሪጅ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በ1956፣ እሱ ገና ልጅ ሳለ ሞቱ። ጊታርንና ቦድራን የሚባለውን በእጅ የሚያዝ የአየርላንድ ከበሮ ያስተማረው ዶናል ለኒ የተባለ የትምህርት ቤት ጓደኛው ነው፤ ትምህርቱን ሲጨርስ ግን እንደ ብዙዎቹ እኩዮቹ በባንክ ጸሐፊነት ተቀጠረ። በ1966 የአየርላንድ ባንክ ሠራተኞች አድማ መቱ፤ አድማው ወደ 12 ሳምንታት ስለተራዘመ ወጣቱ ገቢ ፍለጋ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ አድማው ካበቃ በኋላም ወደ ባንኩ አልተመለሰም። ይህን ስናገር ዓይናቸው የሚበራ ተማሪዎች አጋጥመውኛል፤ መሥሪያ ቤታቸውን ለመልቀቅ ምክንያት ያገኙ ይመስላቸዋል። እባካችሁ፣ ከዚህ ቦታ ላይ ምክር አትውሰዱ። ቀን በግንባታ ሥራና በመሳሰለው የጉልበት ሥራ እየዋለ፣ ማታ ማታ ባህላዊ ዘፈን በሚዘፈንባቸው ትንንሽ ክበቦች ያንጎራጉር ነበር። በ1969 በለንደን የቀረጸው የመጀመሪያ አልበሙም የታተመው በ500 ቅጂ ብቻ ነው።

እኔ እንድታዩት የምፈልገው በእነዚያ ዓመታት ይሰበስበው የነበረውን ነው። በአየርላንድ «ተጓዦች» የሚባሉ፣ በአንድ ቦታ ሳይረጉ ከመንደር መንደር እየዞሩ በቆርቆሮ ሥራና በመሳሰለው ይተዳደሩ የነበሩ ሕዝብ አሉ፤ በአገሩ ሰው ዘንድ ብዙ ጊዜ በንቀት ሲታዩ ኖረዋል። ከእነሱ አንዱ የሆነው ጆን ራይሊ፣ በሮስኮመን አውራጃ ቦይል በምትባል ከተማ በድህነት ይኖር ነበር፤ ነገር ግን በቃሉ የያዛቸው ዘፈኖች ዘመን የተሻገሩ ነበሩ። አንደኛው በውኃ ጉድጓድ አጠገብ የቆመች ሴትና ከእሷ ውኃ የሚለምን መንገደኛ የሚነጋገሩበት ነው፤ የሳምራዊቷን ሴት ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ አመጣጡን ወዲያውኑ ይጠረጥራል። የዘፈን ሊቃውንት ይህ ዘፈን ከሕዝብ አፍ ከጠፋ ዘመን እንዳለፈው ያስቡ ነበር። ቶም ማኔሊ የተባለ ዘፈን ሰብሳቢ የራይሊን ድምፅ በቴፕ ቀረጸው፤ ራይሊም ብዙ ሳይቆይ በ1969 ሞተ። ክሪስቲ ሙር ከእሱ የመጡትን ዘፈኖች ተቀበለ፤ ከአራት ዓመት በኋላም ከጓደኞቹ ጋር ያወጣው አልበም ስሙን ከዚያው ከውኃ ጉድጓዱ ዘፈን አገኘ። ሆኖም የራይሊን ስም ከዘፈኑ አልነጠለውም። ዛሬ ስለዚያ ዘፈን የሚናገር ሰው ጆን ራይሊን ሳያነሣ አያልፍም፤ ቤት ንብረት ያልነበረው ሰው በዚህ መንገድ አድራሻ አገኘ።

ጓደኞቹ ያልኳችሁ በ1972 በወጣው ሁለተኛ አልበሙ ላይ ያጀቡት ናቸው። ያ አልበም የተቀረጸው በስቱዲዮ ሳይሆን ፕሮስፐረስ በምትባል የኪልዴር መንደር በሚገኝ አንድ አሮጌ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። የልጅነት ጓደኛው ለኒ ነበረ፤ አንዲ ኧርቫይን ማንዶሊኑን ይዞ፣ ሊያም ኦፍሊንም በክንድ እየተነፋ የሚጫወቱትን የአየርላንድ የአቁማዳ ዋሽንት ይዞ መጥተው ነበር። ከዚያ ምድር ቤት ፕላንክስቲ የተባለው ቡድን ተወለደ። ቡዙኪ ባለ አውታር የግሪክ መሣሪያ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ እነዚህ ሰዎች ያለ ሐፍረት ለአየርላንድ ዜማ ማጀቢያ አደረጉት፤ ከየት እንዳመጡት ግን አልደበቁም። በነገራችን ላይ ባህላችንን በውጭ መሣሪያ አበላሻችሁት እየተባላችሁ የምትወቀሱት ልጆች ይህን ነገር ብታስታውሱት ይጠቅማችኋል።

ሙር በኋላ ብቻውን በወጣ ጊዜም ልማዱን አልተወም። በ1984 ያወጣው አልበም መጠሪያ የሆነውና ዛሬ ድረስ ከስሙ ጋር የሚነሣው «ራይድ ኦን» የተባለው ዘፈን የጂሚ ማካርቲ ድርሰት ነው፤ ስለ ቺካጎ ከተማ የሚዘፍነው ደግሞ ሉካ ብሉም በሚል ስም የሚታወቀው የገዛ ወንድሙ የጻፈው ነው። ራሱ ሲደርስ እንኳ የሌላውን ስም መጥራት ይወዳል፤ በእስፓኝ የእርስ በርስ ጦርነት ጄኔራል ፍራንኮን ሊወጉ ስለሄዱት አየርላንዳውያን በጻፈው ዘፈን ውስጥ የወደቁትን ሰዎች በየስማቸው ይጠራቸዋል። የኛ አዝማሪ ከተቀመጠው ሰው ግጥም ሲቀበል ማን እንደሰጠው ቤቱ ሁሉ ያያል፤ በቀረጻ ዘመን ግን ያንን ምስክር ድምፃዊው ራሱ መሆን አለበት።

ይህ ዋጋ ያስከፈለው ጊዜም አለ። በየካቲት 1981 በደብሊን፣ አርቴን በሚባለው ሰፈር፣ ስታርደስት በተባለ የጭፈራ ቤት እሳት ተነሥቶ 48 ወጣቶች ሞቱ። መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ የእሳቱ መነሻ ሆን ተብሎ የተለኮሰ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ደመደመ፤ ቤተሰቦቹ ግን ይህን ፈጽሞ አልተቀበሉም። ሙር በ1985 ባወጣው አልበም ውስጥ ስለ ሟቾቹ የደረሰውን ዘፈን አካተተ፤ የመውጫ በሮቹ በሰንሰለት ታስረው እንደነበር በግልጽ የሚናገር ዘፈን ነው። ፍርድ ቤት ችሎት መድፈር ነው ብሎ ወሰነበት፤ አልበሙ ከገበያ ተሰበሰበና በዘፈኑ ቦታ ሌላ ተተክቶ እንደገና ታተመ። በሚያዝያ 2024፣ ከ43 ዓመት በኋላ፣ የሞቱን መንስኤ የመረመረው፣ ከተራ ዜጎች የተውጣጣው የዳኞች ሸንጎ 48ቱም ከሕግ ውጪ እንደተገደሉ ወሰነ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም በዚያው ወር በምክር ቤት ቆመው ቤተሰቦቹን በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። እነዚያ እናቶችና አባቶች ሲያሰሙት የኖሩትን ጩኸት ዘፋኙ ተቀብሎ ዘፈነው፤ ጩኸቱ ግን የእነሱ እንደሆነ አልረሳም።

ስለ መጠጥ ብዙ አልጽፍም፤ የየዘመኑ ሙዚቀኛ የሚያውቀው ጠላት ነው። ሙር ለዓመታት ክፉኛ ይጠጣ እንደነበር በግልጽ ተናግሯል፤ በ1989 ተወው። በ1990ዎቹ መጨረሻም ጤናው ስለታወከ መድረኩን ለጊዜው አቁሞ ነበር፤ ሲሻለው ተመለሰ። ጤናችሁን ጠብቁ፤ ለማረፍም አትፈሩ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በሃያዎቹ ዕድሜዬ፣ በገጠር በተጋበዝኩበት ሰርግ ላይ፣ ከምጣድ አጠገብ ተቀምጠው እንጀራ ይጋግሩ የነበሩ አንዲት እናት ለራሳቸው ሲያንጎራጉሩ ሰማሁ። ዜማው አጭር ነበር፤ መጨረሻው ላይ ሊወርድ ሲገባው የሚሰቀል፣ እስከዚያ ቀን ሰምቼው የማላውቅ። ሁለት ሦስቴ ደገሙልኝ፤ ሣቁብኝም። ከተማ ስመለስ ግጥም ጨምሬበት፣ ቅንብር ሠርቼለት በአንድ ዝግጅት ላይ አቀረብኩት፤ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ «ግጥምና ዜማ» ከሚለው ፊት ለፊት የሰፈረውም የእኔ ስም ብቻ ነበር። ተጨበጨበልኝ። ለዓመታት ሰው ስለዚያ ዜማ ሲያመሰግነኝ ዝም ብዬ እቀበል ነበር።

እናንተ ዛሬ አንድ ዜማ ቀርጻችሁ በስልካችሁ ስትለቁ፣ ከሥሩ አንድ መስመር ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅባችሁም፤ ከማን እንደሰማችሁት፣ በየት መንደር፣ በምን ቀን። እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ወደዚያ መንደር ሄጄ ነበር። ሰርጉን የሚያስታውሱ ሰዎች አገኘሁ፤ ዜማውን አንጎራጎርኩላቸው፤ አንዲት አሮጊት «ይህንማ የምናውቀው ነው» አሉኝ። በዚያ ቀን ምጣድ አጠገብ ማን ተቀምጦ እንደነበር ግን የሚያውቅ አልተገኘም፤ እኔም በጊዜው ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም።