ጣት የሚበላው የማይሸተው ነው

«ጥቁርና ነጭ ፎቶ መታጠቢያ ቤቴ ውስጥ አጥባለሁ። ሁለት ወር ሆነኝ፣ በጣቶቼ መሃል እየቀላ ያሳክከኛል፤ ቆዳውም ይሰነጠቃል። ሽታው ደግሞ ጉሮሮዬን ይዞኛል። ያለቀውን ፈሳሽስ የት ልድፋው? ቤቴ ያለው ሴፕቲክ ታንክ ነው» ብለው ጠይቀውኛል።

ከእጅዎ እንጀምር። ሰው የሚፈራው የሚሸተውን ነው። ስቶፕ ባዙ፣ ማለትም የዴቨሎፐሩን ሥራ የሚያቆመው አሲዳማ ፈሳሽ፣ እንደ ኮምጣጤ ስለሚሰነፍጥ ጥፋቱ ሁሉ የእሱ ይመስላል። ጣትዎን የጎዳው ግን ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ፣ ዴቨሎፐሩ፣ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ ደግሞ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል።

ብዙ ዴቨሎፐር ውስጥ ሜቶል የሚባል ኬሚካል አለ። ተንኮለኛ ነው። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ምንም አያደርግም። አንድ ቀን ቆዳዎ ይቆጣል፤ ከዚያ ወዲያ ትንሽ ጠብታም ትበቃለች። ይህ አለርጂ አንዴ ከያዘ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይለቅም። እኔ በወጣትነቴ ወረቀት በባዶ እጅ ማገላበጥ የሙያ ምልክት ይመስለኝ ነበር። በቡናማ ጥፍሬ እኮራ ነበር! ዛሬ ሜቶል ያለበትን ነገር ጨርሶ አልነካም።

ስለዚህ ለጊዜው ሥራውን ያቁሙና የቆዳ ሐኪም ጋ ይሂዱ። የዴቨሎፐሩን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ስሙን ማየት ይፈልጋል። ሲመለሱ ሜቶል የሌለበትን ይግዙ። ለምሳሌ የኮዳክ ኤክስቶል የሚሠራው በቫይታሚን ሲ ዘመድ ነው፤ ሜቶልም፣ ሃይድሮኪኖን የሚባለው ሌላው የዴቨሎፐር ኬሚካልም የለውም። ቢሆንም ጓንት አይቀርም። የናይትሪል ጓንት ያድርጉ፣ ፈሳሾቹ ለሚቀመጡባቸው ሳህኖች ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን መቆንጠጫ ይመድቡ። ፈሳሹ ጓንቱ ውስጥ ከገባ ወዲያው ያውልቁና እጅዎን ይታጠቡ። ውስጡ የረጠበ ጓንት ከባዶ እጅ ይብሳል፤ ኬሚካሉን ቆዳዎ ላይ አፍኖ ነው የሚያቆየው።

ጉሮሮዎን የያዘው ከስቶፕ ባዙ የሚተነው አሴቲክ አሲድ ነው። በሲትሪክ አሲድ ይተኩት፤ አይሸትም፣ ሥራውንም ይሠራል። አሲድ ሲያቀጥኑ ሁልጊዜ አሲዱን ውሃው ላይ ነው የሚጨምሩት፣ ውሃውን አሲዱ ላይ አይደለም። ምስሉን በብርሃን እንዳይበላሽ የሚያጸናው ፈሳሽ፣ ፊክሰር፣ አሲዳማ ከሆነ እሱም ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ አስም ላለበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአየር ማስወጫው ከሳህኖቹ ኋላ፣ ከፊትዎ አንጻር ይሁን። ከጀርባዎ ከሆነ ትነቱ ወደ እሱ የሚሄደው በአፍንጫዎ በኩል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሥራ በሌለበት ሰዓት ሳህኖቹን ይክደኑ። የጥርስ ብሩሽዎንም ከዚያ ክፍል ያውጡት።

ወደ ፍሳሹ ስንመጣ፣ ዋናው ጣጣ ያለቀ ፊክሰር ነው። ፊክሰር ከፊልሙና ከወረቀቱ ላይ ብር የተባለውን ማዕድን አሟሙቶ ይወስዳል። ብር ባክቴሪያ ይገድላል፤ ሴፕቲክ ታንክዎ የሚሠራው ደግሞ በባክቴሪያ ነው። ከዚያ ያለፈው ወደ አፈሩና ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይሰርጋል። ሃይድሮኪኖን ያለበት ዴቨሎፐርም ለዓሣና ለሌሎች የውሃ ፍጥረታት መርዝ ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ታንኩ ውስጥ አይድፉ። ፊክሰሩን በአንድ ጀሪካን፣ ዴቨሎፐሩን በሌላ ያጠራቅሙ። ከፊክሰር በኋላ ያለው የመጀመሪያው እጣቢም ብር ስላለበት ፊክሰሩ ጀሪካን ውስጥ ይግባ። ሲሞላ አደገኛ ቆሻሻ ለሚረከብ አካል ወይም ብር ለሚያጣራ ፎቶ ቤት ይስጡት።

ብሩን በብረት ሱፍ፣ ማለትም ድስት በሚፈገፈግበት ቀጭን የብረት ክር፣ ማውጣት ይቻላል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ብረቱ ይሟሟና ብሩ እንደ ጥቁር ጭቃ ይዘቅጣል። ለጥቂት ሊትር ግን አልመክርም፤ የሚቀረው ፈሳሽ አሁንም ለሴፕቲክ አይሆንም።

መታጠቢያ ቤት ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ክፍሉን በበረኪና ከማጽዳትዎ በፊት የፈሰሰውን ሁሉ በብዙ ውሃ ያጥቡ። በረኪና ከአሲድ ወይም አሞኒየም ካለበት ፊክሰር ጋር ከተገናኘ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጀሪካኖቹ ላይ ደግሞ የያዙትን በትልቁ ይጻፉ፤ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ግን በፍጹም አያስቀምጡ።