«አሙቄው ነበር እኮ፣ ዶክተር»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ቅዳሜ ማታ ዶሮ፣ ክሬምና ቺዝ ያለበት የኦቨን ፓስታ ሠራሁ። የተረፈው ከነትሪው ምድጃው ላይ አደረ። ጠዋት በደንብ አሙቄ ለ4 ዓመት ልጄ ሰጠሁት። በልቶ 3 ሰዓት ሳይሞላው ያስመልሰው ጀመር፤ 6 ጊዜ አስመለሰው። ደንግጬ ቤት የነበረ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ሰጠሁት። በማግስቱ ተነስቶ ተጫወተ። ዶሮውን ሳላጥብ ስለሠራሁት ይሆን? ሽሮፑንስ ልጨርስለት? የቀረውን ፓስታ ፍሪጅ ከትቼዋለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ያልጻፉት አንድ ጥያቄ አለ። «ልጄን በገዛ እጄ መረዝኩት ወይ?» የሚል። ከእሱ ልጀምር። እንዲህ ቶሎ መጥቶ ቶሎ የሚሄድ ማስመለስ አብዛኛውን ጊዜ ጠባሳ አይተውም። በማግስቱ እየበላ፣ እየሸና፣ እየተጫወተ ከሆነ ልጅዎ ድኗል። ይረጋጉ።

ዶሮው ባለመታጠቡም አይጸጸቱ። ጥሬ ዶሮ ሲታጠብ ውሃው እየተረጨ ጀርሙን ወደ ዕቃውና ወደ ሌላው ምግብ ያደርሳል። ጀርሙን የሚገድለው እሳት ነው፤ የሥጋው መሃል 74 ዲግሪ ሲደርስ። ደግሞም በጥሬ ዶሮ የሚታወቀው ሳልሞኔላ የሚባለው ጀርም ለማሳመም ብዙ ጊዜ 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የልጅዎ በ3 ሰዓት ነው የመጣው።

ጣጣው ያለው «በደንብ አሙቄ» ያሉት ላይ ነው። ይህን ስንት እናት ነገረችኝ! ትሪውን እስቲ ያስቡት። ጥልቅ ነው፣ ክሬሙ ወፍራም ነው፣ ቺዙ ከላይ እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖታል። ዳር ዳሩን ቢነኩት ቀዝቅዟል፤ ማንኪያ መሃሉ ቢሰዱ ግን ከሰዓታት በኋላም ለብ ያለ ነው። ጀርም የሚወደው ይህንን ነው። ፓስታ ላይ የሚገኘው ባሲለስ ሴሪየስ ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ስለሚቀመጥ ውሃ ቢፈላበትም አይሞትም። ምግቡ ለብ ሲል ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዝ ይተፋል። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ደግሞ ከእጃችንና ከአፍንጫችን ነው የሚመጣው፤ የበሰለውን ዶሮ በእጅ ስንቦጫጭቅ ይገባል። እሱም መርዝ ይሠራል። ጠዋት ሲያሞቁት የነቃው ጀርም ይሞታል፣ መርዙ ግን እዚያው አለ። የባሲለሱ መርዝ 121 ዲግሪን እንኳ ይቋቋማል። ሽታውም ጣዕሙም አይለወጥም፤ «ቀምሼው ደህና ነበር» ማለት አያዋጣም። መፍትሔው ሌሊቱን ውጭ አለማሳደር ብቻ ነው። ከኦቨን በወጣ በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ጠለቅ ባላሉ ትናንሽ ዕቃዎች ከፋፍለው ፍሪጅ ይክተቱት። ከ3 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ይብሉት።

ሽሮፑን በተመለከተ ግን ልቆጣዎት ነው። አንቲባዮቲክ መርዝ አያረክስም። ራሱም ያስቀምጣል፣ ያስመልሳል። የተበጠበጠ አሞክሳሲሊን ደግሞ ቢበዛ ከ14 ቀን በላይ አይቀመጥም፤ የእርስዎ መቼ ነው የተከፈተው? ለየትኛው ሕመም የታዘዘ ነበር? ለልጅ መድኃኒት በግምት አይሰጥም። ለዚህ አያስፈልገውም፤ ያቁሙት።

ያኔ የሚያስፈልገው ኦ.አር.ኤስ ነበር፤ በማስመለስ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካው ዱቄት። አንዱ ፓኬት በላዩ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ ብዙው በ1 ሊትር ነው። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቀው በማንኪያ፣ ቀስ እያሉ። ጥሩ እናት ነዎት፤ ደንግጠው ነው።

ወደፊት ግን ልጅ 8 ሰዓት ሙሉ ካልሸና፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሰገራው ደም ካለው ወይም ሲቀሰቅሱት ከከበደዎት፣ «እስኪነጋ ልየው» አይበሉ። ሌሊትም ቢሆን ይዘውት ይሂዱ።

ያን ፍሪጅ የከተቱትን ፓስታ ደግሞ አሁኑኑ ይድፉት።