«ማጅን ዋ» ላለ የልጅ ልጅ ምን ብለን እንመልስ?

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ልጄ ባሏን ተከትላ አየርላንድ ከገባች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ እዚያው የወለደችው ልጅም ትምህርት ጀምሯል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ስንደዋወል «ማጅን ዋ፣ አያቴ» ይለኛል። እናቱ «እንግሊዝኛ አይደለም፤ ትምህርት ቤት የሚማረው የአገሩ ቋንቋ ነው» አለችኝ። ምን ማለቱ ነው? እንደኛ «እንዴት አደርክ» የሚሉት ነገርስ አላቸው? በዚያው ቋንቋ ልመልስለት ስለምፈልግ ብታስረዱኝ። አያት ነኝ፣ ከአዘዞ።

መልስ፦ የተከበሩ እናታችን፣ የልጅ ልጅዎ የሚናገረው አይሪሽ ነው፤ ባለቤቶቹ ጌልጌ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው የአየርላንድ ሕገ መንግሥት የአገሪቱ ቀዳሚ ኦፊሴላዊ ቋንቋ አድርጎ ደንግጎታል፤ ልጆችም ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ይማሩታል። አብዛኛው ሕዝብ ግን ቤቱ የሚነጋገረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ አይሪሽ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰማው በተለይ በምዕራቡ የባሕር ዳርቻ በሚገኙ አካባቢዎች ነው።

«ማጅን» ጠዋት፣ «ማህ» ጥሩ ማለት ነው። ማጅን በሰዋስዋቸው አንስታይ ጾታ ስለሆነች፣ ተከትሏት የሚመጣው ቅጽል የመነሻ ድምፁን ይለውጣል፤ «ማህ» የሚለው «ዋ» ሆኖ የተሰማዎት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ቃል በቃል «ጥሩ ጠዋት» እያለዎት ነው። ይህ አባባል በእንግሊዝኛው አምሳል የተሠራ ነው፤ ስሕተት የለበትም፣ ይሁን እንጂ እርስዎን ይበልጥ ደስ የሚያሰኝዎት የቆየው ሰላምታ ይመስለናል። አይሪሽ ተናጋሪ በጠዋትም ሆነ በሌላ ሰዓት ሰው ሲያገኝ «ጂያ ዲች» ይላል፤ «እግዚአብሔር ላንተ» እንደ ማለት ነው። ሰላምታው የቀረበለት ሰው ደግሞ የተቀበለውን ጨምሮበት «ጂያ ስ ምዊሬ ዲች»፣ ማለትም «እግዚአብሔርና ማርያም ላንተ» ብሎ ይመልሳል። ምዊሬ የእመቤታችን ብቻ የተለየ ስም ነው፤ ሌላ ሴት ማርያም ብትባል ስሟ «ማሬ» ተብሎ በሌላ አጠራር ይነገራል እንጂ በምዊሬ አትጠራም። ሰላምታውን ማርዘም የፈለገ ሰው ወንጌልን በአየርላንድ የሰበከውን የቅዱስ ፓትሪክን ስም ይጨምርበታል። እንግዲህ የልጅ ልጅዎ «ጂያ ዲች» ቢልዎ መልሱን ያውቁታል፤ «ማጅን ዋ» ሲልዎም ያንኑ ቃል መልሰው ቢሉት ይበቃል።

«እንዴት አደርክ» ለሚለው የሚቀርበው «ኧር ኾዲል ቱ ጉ ማህ» ነው፤ «ደህና ተኛህ ወይ» ማለት ነው። «ኾ» ለኛ የታወቀ ድምፅ ስለሆነ እንግሊዝኛ ተናጋሪውን የሚያስቸግረው ይህ ቃል እርስዎን አያስቸግርዎትም። አይሪሽ «አዎ» እና «አይ» የሚባሉ ቃላት ስለሌሉት ልጁ ግሱን ደግሞ «ኾዲል» ይላል፤ «ተኝቻለሁ» ማለቱ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውም በቋንቋቸው አለ። ለእርስዎ የሚሆን የአክብሮት መደብ ግን አይጠብቁ፤ ለአንድ ሰው፣ አያትም ቢሆን፣ «ቱ» ይባላል፤ ይህን እንደ ድፍረት አይቁጠሩበት።

ስለ ንጋት ያሉት ቃላት በጣም ያማሩ ናቸው። እኛ ጎህ ቀደደ የምንለውን እነሱ «ብረከ አን ሌ» ይሉታል፤ የቀን መዝንጎርጎር ማለት ነው። «ብረክ» ዝንጉርጉር ሲሆን፣ በጎኑ ላይ ነጠብጣብ ያለበትን የወንዝ ዓሣም በዚሁ ስም ይጠሩታል። ጨለማውና ብርሃኑ ገና ሳይለያዩ፣ ሰማዩ እንደ ዓሣው ጎን ነጠብጣብ የሚሆንበትን ሰዓት ልብ ብሎ ያየ ሰው ያወጣው ስም መሆኑ ያስታውቃል። ሌላው «ፋኝ አን ሌ»፣ የቀን ቀለበት፣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1898 በአይሪሽ መታተም የጀመረ አንድ ጋዜጣም በዚህ ስም ተጠርቷል።

«ማጅን» የሚለው ቃል ራሱ ከላቲን የመጣ ነው። አይሪሾች ክርስትናን ሲቀበሉ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የገቡ የላቲን ቃላት ብዙ ናቸው፤ የማጅን ምንጭ የሆነው ቃልም የማለዳው ጸሎት የሚጠራበት ነበር። ጸሎተ ነግህ የሚደርስበትን ሰዓት ለሚያውቅ የጎንደር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ነገን «አማረኽ» ይሉታል፤ በውስጡ ያለው «ባረኽ» የጥንት ትርጉሙ ጠዋት ነው። የኛ «ነገ» ከ«ነጋ» እና ከ«ነግህ» እንደሚዛመድ ሁሉ፣ እነሱም የሚመጣውን ቀን የሰየሙት በንጋቱ ነው።

እርስዎ ቅዳሴ እስኪያልቅ እህል ሳይቀምሱ የሚቆዩበትን ሁኔታም በአንድ ቃል ይገልጹታል። ሰው ከተነሣ ጀምሮ አፉ ላይ ምንም ሳያደርግ ሲቆይ «ኬለከን ላይ ነው» ይባላል፤ ቁርስ መብላትም ኬለከኑን መስበር ይባላል። ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው የሳምንቱ ቀናት ስም ነው፦ ረቡዕ «ጄ ኬዲን»፣ የመጀመሪያው ጾም፤ ዓርብ «ጄ ሂኜ»፣ የጾም ቀን፤ በመካከላቸው ያለው ሐሙስ «ጄርዲን»፣ በሁለቱ ጾሞች መካከል ያለ ቀን ማለት ነው። የልጅ ልጅዎ ትምህርት ቤት ሲሄድ «የረቡዕ ጠዋት» ለማለት «ማጅን ጄ ኬዲን» ባለ ቁጥር የእርስዎን ጾም እየጠራ ነው፤ ይህን ቢነግሩት ቃሉን አይረሳውም ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ በጎንደር ፒያሳ አካባቢ የምሠራ አስጎብኚ ነኝ። ወደ ሰሜን ተራሮች በሌሊት ተነሥተው የሚሄዱ የአየርላንድ እንግዶች አሉኝ። የመነሻ ሰዓቱን በቋንቋቸው እንዴት ልንገራቸው?

መልስ፦ እኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የምንለው ለእነሱ አምስት ሰዓት ነው፤ ሌሊት ሳይሆን ጠዋትም ይሉታል፦ «አ ኩግ አ ኽሎግ ኧር ማጅን»። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ሰዓት ሁሉ በአነጋገራቸው ወደ ማጅን ይጠጋል። በደብሊን ፀሐይ በሰኔ አጋማሽ ላይ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ፣ በታኅሣሥ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለምትወጣ፣ ጠዋትን በፀሐይ መውጫ መለካት አይመቻቸውም። ስለዚህ «በጠዋት እንነሣለን» ብቻ ብለው አይተዋቸው፤ በእነሱ አቆጣጠር አምስት መሆኑን ማታውኑ ይንገሯቸው፣ ሆቴላቸው በር ላይ ሲያገኟቸውም፣ ብዙ ከሆኑ «ጂያ ዲቭ»፣ አንድ ሰው ከሆነ «ጂያ ዲች» ይበሉ።