ከዋና በኋላ ጆሮ ውስጥ ስለሚቀር ውሃ፦ ጥያቄና መልስ

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ የደሴም የኮምቦልቻም ወጣት ወደ ሐይቅ መውረድ ስለሚጀምር፣ በዚህ ወቅት የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ዘወትር አንድ ዓይነት ናቸው። ደሴ ውስጥ በጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ስለሆንሁ የማውቀውን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ ታምቡሩ የተቀደደ፣ ጆሮው መግል ወይም ደም የሚያወጣ፣ ወይም ጆሮው ውስጥ ቱቦ የተደረገለት ሰው ከዚህ በታች ከምጠቅሰው ጠብታ አንዱንም አይሞክር።

ጥያቄ (ዋናተኛው ከሐይቅ)፦ ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ትናንት ዋኝቼ ከወጣሁ ጀምሮ ቀኝ ጆሮዬ ድፍን ብሏል፤ ጭንቅላቴን ባነቃነቅሁ ቁጥር ውሃው ይንቦጫቦጫል። በክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልዬ ብሞክር ጭራሽ ባሰብኝ።

መልስ፦ ባይብስብህ ነበር የሚገርመኝ። የአዋቂ ሰው የጆሮ ቦይ ርዝመቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እንደ ጠርሙስ አንገት ቀጥ ያለ ሳይሆን መሐል ላይ ጠመም ያለ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ጠብታ ከጥምዝምዙ አልፎ ከገባ ጠባቡ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በቦዩ ውስጥ ኩክ ካለ ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና መውጫውን ይዘጋዋል። አንተ በክብሪትህ ያደረግኸው ያንን ያበጠ ኩክ ወደ ታምቡሩ መጠቅጠቅ ነው።

አሁን ጋቢህን አጣጥፈህ በቀኝ ጎንህ ተኛ፤ የታመመው ጆሮ ወደ ታች መሆን አለበት። በግራ እጅህ በራስህ ላይ ዞረህ የጆሮህን ቅጠል ወደ ላይና ወደ ኋላ በቀስታ ሳብ፤ ጥምዝምዙ የሚቃናው በዚህ ጊዜ ነው። ጆሮህን እንደያዝህ መንጋጋህን እያንቀሳቀስህ ጥቂት ደቂቃ ቆይ፤ ቆሎ ወይም ማስቲካ ብታኝክም ይረዳል፣ ምክንያቱም የመንጋጋው መገጣጠሚያ ከቦዩ ጎን ስለሆነ ሲንቀሳቀስ ግድግዳውንም ያነቃንቀዋል። ካልወጣ ተነስተህ ራስህን ዘንበል አድርግና መዳፍህን ጎድጎድ አድርገህ ጆሮህ ላይ ግጠም፤ ከዚያም ቀስ እያልህ ጫን መለስ፣ ጫን መለስ አድርግ። አንድ ሙቅ ነገር በአንገትህ ሲወርድ ይሰማሃል። ከዚያ በኋላ የውጩን በጨርቅ ጥረግ፤ ወደ ውስጥ ግን ምንም አታስገባ።

ጥያቄ (የአርዲቦ ልጅ)፦ እኛ ልጆች ሳለን በፀሐይ የጋለ ጠጠር ጆሯችን ላይ አድርገን በአንድ እግራችን እንዘል ነበር። ይህ ልማድ ዋጋ የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ እኔም ዘልያለሁ። ይጠቅም የነበረው ጆሮው ወደ ታች መዘንበሉና ሙቀቱ ጥቂት ውሃ ማትነኑ ነው፤ ዝላዩ ግን ከልጅነት ደስታ በቀር ብዙ አይጨምርም። ጠጠሩን አስቀድመህ ጉንጭህ ላይ ሞክረው፤ ጉንጭ የማይችለውን ጆሮም አይችለውም። ፀጉር ማድረቂያ ያለው ሰው ሙቀቱንም ንፋሱንም ዝቅ አድርጎ፣ ከጆሮው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቆ ቢጠቀም ከጠጠር ይሻለዋል።

አስተያየት (ከወረባቦ)፦ በእኛ ዘንድ ጥቂት የአረቄ ጠብታ ጣል ማድረግ ነው እንጂ ጠጠር ማን ይፈልጋል? ወዲያው ያደርቀዋል።

አስተያየት (የአርዲቦ ልጅ)፦ አረቄ ያቃጠለውን ጆሮ ማን ሊያክመው ነው? ወንድሜ በዚህ ምክንያት ሌሊቱን ሲጮህ አድሯል።

አስተያየት (ከወረባቦ)፦ እንግዲያውስ የወንድምህ ጆሮ ቀድሞውኑ ቁስል ነበረበት።

መልስ፦ ሁለታችሁም ግማሽ እውነት ይዛችኋል፤ ክርክሩ ግን እዚህ ላይ ይብቃ። አልኮል ውሃን ይዞ ስለሚተን ያደርቃል። አረቄ ግን ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያል፤ ንጽሕናውንም የሚመሰክር የለም። ጆሮው ጤነኛ የሆነ ሰው የፋርማሲ አልኮልና ከሱቅ የተገዛ ነጭ አቼቶ እኩል እኩል ቀላቅሎ፣ ከዋና በኋላ ሦስት አራት ጠብታ አድርጎ ማፍሰስ ይችላል። አልኮሉ ያደርቃል፤ አቼቶው ደግሞ ቆዳው በተፈጥሮው ያለውን አሲዳማነት ስለሚመልስ ባክቴሪያው አይመቸውም። ቁስል ወይም ሕመም ላለበት ጆሮ ግን አይሆንም። ከላይ የጻፍሁትን ማስጠንቀቂያ ያላነበበ ተመልሶ ያንብብ።

ጥያቄ (እናት ከኮምቦልቻ)፦ የሁለት ዓመት ልጄን ሳጥባት ጆሮዋ ውስጥ ውሃ ገባ። አማቴ ጤና አዳም ጨምቀን እናድርግላት ይላሉ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ አማትሽን በአክብሮት፣ «ሲስተር ከልክላለች» በያቸው። ጤና አዳም ለቡና ነው፤ ጆሮ ውስጥ ሲገባ እርጥበት ላይ እርጥበት ይጨምራል። የሕፃን ጆሮ ቦይ አቀማመጡ ከአዋቂው ስለሚለይ፣ የጆሮዋን ቅጠል የምትስቢው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታችና ወደ ኋላ ነው። ጭንሽ ላይ በጎኗ አስተኝተሽ ጥቂት ብትቆዪ ይበቃል።

ጥያቄ (ያልተገለጸ)፦ ውሃው ወደ አንጎል ሊገባ ይችላል?

መልስ፦ አይችልም። ታምቡር አለ።

ጥያቄ (ከሐርቡ)፦ ለውዱእ ጆሮዬን ሳብስ ውሃ እየገባ ቢያስቸግረኝስ?

መልስ፦ ውዱእ ላይ ጆሮ የሚታበሰው በረጠበ ጣት ነው፤ ውሃ አይፈስበትም። ስለዚህ ጣትህን አራግፈህ አብስ። ጠበል ለሚጠመቁትም ተመሳሳይ መልስ አለኝ፤ ቫዝሊን የተቀባ የጥጥ ኳስ በጆሮ በር ላይ ብቻ ማድረግና ሲጨርሱ ማውጣት ነው።

ጥያቄ (ዋናተኛ ነኝ)፦ አፍንጫዬን ይዤ በኃይል ብነፋ ውሃው አይወጣም?

መልስ፦ አይወጣም። ስትነፋ አየሩ የሚደርሰው ከታምቡሩ በስተጀርባ ነው፤ ውሃው ያለው ደግሞ ከታምቡሩ ወዲህ ነው። በኃይል ከነፋህ ታምቡሩን ትጎዳለህ።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ፒያሳ)፦ እኔ ቀዝቃዛ ውሃ ጆሮዬ ውስጥ ጨምሬ ያኛውን ላስወጣው ብል ዙሪያው ተሽከረከረብኝ።

መልስ፦ ከሰውነት ሙቀት የቀዘቀዘ ወይም የጋለ ፈሳሽ ጆሮ ውስጥ ሲገባ የሚዛን አካላችን የሚገኝበትን የውስጥ ጆሮ ይረብሸዋል፤ ሐኪሞች ይህንኑ ለምርመራ ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ማንኛውም ጠብታ መጀመሪያ በመዳፍ ውስጥ ታቅፎ ይሙቅ። ውሃን በውሃ ማስወጣትን ግን እኔ አልመክርም።

ጥያቄ (ያልተገለጸ)፦ ጆሮዬ ውስጥ ውሃ ገባ፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። ሳታነብቡ አትጠይቁ።

ጥያቄ (ተማሪ ከወልድያ)፦ ጆሮዬን ያመኛል፤ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ከመቼ ጀምሮ? የትኛው? ዋኝተህ ነበር? «ያመኛል» ብሎ መጻፍ ለማንም አይጠቅምም። የጆሮህን ቅጠል ስትስብ ወይም ከፊት ያለችውን ትንሽ ጉብታ ስትጫን ሕመሙ ከባሰ፣ ውሃው ትቶት የሄደው የውጭ ጆሮ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና ወደ ጤና ተቋም ሂድ። ይህ በአብዛኛው የሚታከመው በጆሮ ጠብታ ነው፤ ከፋርማሲ በራስህ ፈቃድ አንቲባዮቲክ ኪኒን ገዝተህ አትዋጥ። ትኩሳት፣ መግል ወይም የመስማት መቀነስ ካለ እስከ ነገ እንኳ አትጠብቅ። የስኳር በሽታ ያለበትም ሰው እንዲሁ።

ጥያቄ (ዋናተኛው ከሐይቅ)፦ ሲስተር፣ እንዳሉኝ በጎኔ ተኝቼ መዳፌን ሦስተኛ ጊዜ ስመልስ ሙቁ ውሃ አንገቴ ላይ ፈሰሰ፤ ድፍኑም ተከፈተ። እግዜር ይስጥልኝ።

መልስ፦ አሜን። እንግዲህ የክብሪት እንጨትህን ለምድጃው አድርገው።