ተሰቅሎ የሚዝግ ጠመንጃ፦ ጥያቄና መልስ

ሃያ ሁለት ዓመት በመሣሪያ ግምጃ ቤትና በጥገና ክፍል ሠርቻለሁ። በእጄ ካለፉት ጠመንጃዎች በተኩስ ከተበላሹት ይልቅ በአስቀማጭ የተበላሹት ይበልጣሉ። ስለ አቀማመጥ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ካሰብኩት በላይ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌአለሁ።

ከመልሱ በፊት ሁለት ነገር። የምናወራው ፈቃድ ስላለው መሣሪያ ብቻ ነው፤ አገር ቤት ያላችሁ አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን፣ ውጭ ያላችሁ የምትኖሩበትን አገር ሕግ ተመልከቱ። ደግሞም ከዚህ በታች “ወልውሉ” ባልኩበት ሁሉ ቀድሞ የጥይት ካዝናው ይወጣል፣ የጥይቱ ማደሪያ በዓይንም በጣትም ይታያል። ጥይቱ ሌላ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ።

ጥያቄ (ከደብረ ታቦር)፦ ጋሼ፣ የአያቴ ምንሽር በቆዳ ልብሱ ሆኖ ግድግዳ ላይ ነው የሚቀመጠው። ክረምቱ ሲያልፍ ብናወጣው በርሜሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አገኘን። ቤቱ አያፈስም፤ ቆዳውም ደህና ነው። ከየት መጣ?

መልስ፦ ከቆዳው ነዋ፣ ልጄ። ቆዳ ሲለፋ የገባበት ጨውና አሲድ አብሮት ይኖራል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ከብረቱ ጋር አጣብቆ ያቆየዋል። የአየሩ እርጥበት ከመቶ 60 ካለፈ ብረት ውኃ ሳይነካውም ቶሎ ይዝጋል፤ የደጋ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው።

እኔም ይህን የተማርኩት በግምጃ ቤት ሳይሆን በአባቴ ቤት ነው። አባቴ ውጅግራውን በፍየል ቆዳ ልብስ አድርጎ ከኩላብ ላይ ይሰቅለው ነበር። አንድ ዓመት ከሰኔ እስከ መስቀል ማንም ሳይነካው ቆየ። ስናወጣው በርሜሉ ከላይ ሲታይ ደህና ነው። ስንገለብጠው ግን የልብሱ ስፌት ባረፈበት መስመር ሁሉ፣ ጠፍሩ የገባበት ቀዳዳ በቀዳዳ ሳይቀር፣ ቀይ ነጠብጣብ እንደ ጥልፍ ተደርድሯል። ልብሱ ውስጥ ተረስታ የነበረች አንዲት ቀልሃም አረንጓዴ ለብሳ ወጣች። አባቴ “እንዲህ ጥሩ አድርጎ የሰፋው ማን ነበር?” እያለ ሰፊውን ሲያመሰግን ትዝ ይለኛል። ጉዳቱን ያመጣው ያው ጥሩ ስፌት ነበር፤ ላላ ያለ ቢሆን ኖሮ ብረቱ አየር ያገኝ ነበር።

የአያትህን የቆዳ ልብስ አትጣለው፤ ለብቻው ስቀለው። ነጠብጣቡን ቀጭን ዘይት ቀብተህ አንድ ቀን አሳድረውና በሻካራ ጨርቅ ፈትገው። እምቢ ካለ 0000 የሚባለውን እጅግ ደቃቅ የብረት ሱፍ በዘይት ነክረህ፣ እጅህን ሳትጫን፣ ቀስ ብለህ አስኪደው። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ግን ቤትህ ውስጥ ቢኖርም አይተካውም።

ጥያቄ፦ እኛ ቤት ከበዓል በፊት በሎሚና በአመድ ነው የሚፈተገው፤ እንደ መስታወት ያበራል። ጉዳት አለው እንዴ?

መልስ፦ አለው፣ ያውም የማይመለስ። በጠመንጃው ላይ የምታዩት ጥቁር ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ቀለም አይደለም። ብረቱ ራሱ በፋብሪካ ሆን ተብሎ፣ በልክ እንዲዝግ ተደርጎ የወጣ ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ነው። ስስ ነው፤ ዘይት ይዞ ስለሚያቆይ ግን ቀዩን ዝገት ይከላከላል። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ማንኛውም ኮምጣጣ ነገር ይህን ሽፋን ከቀዩ ዝገት ጋር ጠራርጎ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ የሚያበራው ራቁቱን የቀረ ብረት ነው፤ ከበዓሉ ማግስት ጀምሮም ለዝገት የተመቸ ነው። አመዱ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሁሉ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ይበላል። አንድ ጊዜ የይሁዳ አንበሳ ምልክት ያለበት ቤልጅግ አምጥተውልኝ ነበር፤ ከአንበሳው የቀረው ዘውዱና የጭራው ጫፍ ብቻ ነው። ባለቤቱ በየፋሲካው ያበራው ነበር አሉኝ።

ጥያቄ (ከጎንደር ዙሪያ)፦ ምን እንቀባው? ጥንት ሞራና ቅቤ ነበር። አሁን የኑግ ዘይትም፣ የሞተር ዘይትም የሚቀቡ አሉ።

መልስ፦ ሞራና ቅቤ ሲቆዩ ይኮመጥጣሉ፤ ያ ኮምጣጣነት አሲድ ስለሆነ ብረትም ነሐስም ይበላል። አይጥም ይጋብዛል። ኑግ ለወጥ ይሁን። አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ የሚደርቅ ዘይት ስለሆነ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ መቀርቀሪያው በእጅ አልከፈት ያላቸው ብዙ መሣሪያዎች ችግራቸው ይኸው ነበር። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አሲድና የብረት ብናኝ አለበት። ያልተነካ አዲስ የሞተር ዘይት ሌላ ካልተገኘ ያገለግላል። ከገበያ በቀላሉ ከሚገኙት እኔ የምመርጠው የልብስ ስፌት መኪና ዘይትን ነው። ነጭ ጋዝ ለማጽዳት ጥሩ ነው፤ ግን ተንኖ ስለሚጠፋ ከእሱ በኋላ ዘይት ካልተቀባ እንዳልተሠራ ቁጠሩት። ውጭ ያላችሁ ስለ ደብልዩ ዲ 40 ጠይቃችኋል፤ ስሙ ራሱ ውኃ አባራሪ ማለት ነው። ውኃ ያባርራል፤ ትቶት የሚሄደው ሽፋን ግን ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ ስስ ነው።

መጠኑ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። በጨርቅ ላይ ሦስት ጠብታ ለአንድ በርሜል ይበቃል። የተረፈው ወደታች ሲወርድ የሰደፉ አንገት ይጠጣዋል፤ እንጨቱም ይለሰልስና ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ብዙ የተቀባ ጠመንጃ አፈሙዙ ወደታች ሆኖ ወይም ተጋድሞ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ አቧራ እንዳይገባ አፈሙዙን በጨርቅ መወተፍስ?

መልስ፦ አይወተፍም። ጨርቁ እርጥበት ይስብና በርሜሉን ከውስጥ ያዝገዋል። ውታፉን የረሳ ሰው ቢተኩስ ደግሞ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ ጋሼ፣ ኅዳር ላይ አጋዘን አድኜ ስመለስ ወዲያው ወልውዬ ነው የማስቀምጠው። በሳምንቱ ግን ዝገት አያለሁ። እጄ ላይ ምን አለ?

መልስ፦ እጅህ ደህና ነው፣ ችኮላህ ነው። ከብርድ የገባ ብረት የሞቀ ቤት ውስጥ ሲገለጥ መነጽርህ ላይ የሚሆነው ይሆንበታል፤ ያልበዋል። ውጩን ትወለውላለህ፤ በርሜሉ ውስጥ፣ በእንጨቱና በብረቱ መካከል፣ በምላጩ ዙሪያ ግን ላቡ ይቀራል። ከነማኅደሩ ዘግተህ ሙቀቱ ከቤቱ ጋር እስኪስተካከል ለሰዓታት ተወው። ባዶ መሆኑን ግን ቤት ከመግባትህ በፊት ውጭ አረጋግጥ። ከዚያ አውጥተህ ወልውለው። ማኅደሩ ራሱ በረዶ ነክቶት ከነበረ ጠመንጃውን መልሰህ እንዳትከተው፤ ሰፍነጉ ውኃ ይይዛል፤ በሰፍነግ ማኅደር ማመላለስ እንጂ ማስቀመጥ ጥሩ አይደለም።

ጥያቄ (ከሂዩስተን)፦ የብረት ካዝና ገዝቻለሁ። ሻጩ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ዘንግ ግዛ አለኝ፤ ጓደኛዬ ደግሞ ሲሊካ ጄል ይበቃል ይላል።

መልስ፦ ሥራቸው የተለያየ ነው። ዘንጉ የካዝናውን አየር ትንሽ ያሞቀዋል እንጂ ውኃውን አያወጣውም፤ ሞቅ ባለ አየር ውስጥ እርጥበቱ ብረት ላይ አያርፍም። ሲሊካ ጄል ግን ውኃውን ይጠጣል፤ ሲጠግብ ደግሞ ያቆማል፣ ሰዎች የሚረሱትም ይህንን ነው። ሰማያዊው ዓይነት ሲጠግብ ወደ ሮዝ ይለወጣል። በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሁለት ሦስት ሰዓት ቢደርቅ ተመልሶ ያገለግላል። በሰማያዊው ውስጥ ያለው የኮባልት ጨው መርዛም ስለሆነ ከምግብ ጋር በአንድ ምድጃ አይግባ፤ በእንጀራ ምጣድ ላይ አድርቄዋለሁ ያልከኝ ሰው፣ ምጣዱን ምን እንዳደረግከው ባውቅ ደስ ይለኛል። እኔ ብሆን ከሁለቱም በፊት ርካሽ የእርጥበት መለኪያ እገዛ ነበር። ከመቶ 45 እስከ 50 ላይ ከቆመ ብረቱም እንጨቱም ይስማማቸዋል። ከዚያ በጣም ከወረደ እንጨቱ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ለዒላማ ልምምድ በድሮ ጥይት ተኩሼ ማታውን በዘይት ወለወልኩት። ጠዋት በርሜሉ ውስጡ ቀይ ነበር። እንዴት በአንድ ሌሊት?

መልስ፦ የብዙ ድሮ ጥይቶች ማቀጣጠያ ፖታሲየም ክሎሬት አለበት። ሲቃጠል በርሜሉ ውስጥ ትቶት የሚሄደው ከገበታ ጨው ጋር የሚዛመድ ጨው ነው፤ እርጥበትም ይስባል። ጨው ደግሞ በዘይት አይሟሟም፤ ወጥ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንተ ዘይቱን ከጨዉ በላይ ደረብክበት እንጂ ጨዉን አላወጣኸውም። መድኃኒቱ ሰዎች የሚፈሩት ውኃ ነው፤ የፈላ ውኃ ከጥይቱ ማደሪያ በኩል ይፈስሳል፣ በደረቅ ጨርቅ ተደጋግሞ ይወለወላል፣ ብረቱ ገና ትኩስ ሳለ ይደርቃል፣ ከዚያ ዘይት። በዚያው ቀን ነው ታዲያ፣ ለነገ አይባልም።

ጥያቄ (እህታችን ከደሴ)፦ የአባታችን ጠመንጃ በለቅሶው ቀን ከእጅ እጅ ሲዞር ውሎ በጭረት ተመለሰ። ለተዝካሩ ደግሞ ይወጣል። እንዴት እናድርግ?

መልስ፦ ነፍስ ይማር፣ እህቴ። ጭረት የሚመጣው ከአራት ቦታ ነው፦ ከቀለበት፣ ከቀበቶ ዘለበት፣ ከማንገቻው ብረትና ከግድግዳ። የሚይዘው ሰው ቀለበቱን ያውልቅ። ማንገቻውን ፍቱትና ለብቻው ይቀመጥ፤ ብረቱ እየተወዛወዘ ሰደፉን የሚፍቀው እሱ ነው። ግድግዳ ላይ አታስደግፉት፤ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ዘርግታችሁ አጋድሙት። ሲመለስ ደግሞ ሳታሳድሩ በዘይት ጨርቅ አብሱት፤ የብዙ ሰው እጅ ላብ ማለት ጨው ነው፤ ላቡ የበረታ ሰው ካለ ጣቱ ያረፈበት በማግስቱ ይታያል። ብሎኑን ለመፍታት የሚሞክር ዘመድ ካለም ካቻቪቴውን ቀሙት። አፉ ከብሎኑ ጎድጓዳ ጋር በልክ ካልገጠመ ያንሸራትትና የሚተወው ጭረት አይጠፋም።

ጥያቄ፦ እንጨቱ ደርቆ ነጣ። ተልባ ዘይት ይሆናል?

መልስ፦ ለብረት የማይሆነው የመድረቅ ጠባይ ለእንጨት ጸጋው ነው፤ አዎ፣ የተልባ ዘይት። በመዳፍ ሙቀት እያሻችሁ በስሱ ቀቡ፣ ትርፉን ጥረጉ፣ ለቀናት ይድረቅ። የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ስለሚሞቅ የተጨመቀ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ አያቴ ሰደፉ ላይ በሚስማር ስምንት መስመር ጭረዋል። ስለ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። ላስሞላው ወይ?

መልስ፦ አታስሞላው። ትንሽ የንብ ሰም አሙቀህ በጨርቅ አሻሸው፣ አቧራ እንዳይገባበት ያህል ብቻ። ፎቶ አንስተህም ለታላላቆችህ ላክላቸው፤ ሳያዩት ስለማያስታውሱት ይሆናል።