በ48 ዓመቴ አሁንም «ጣሳው» ይሉኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ጅማ ነው፤ ቡና አቅራቢ ነኝ። ያደግሁት ግን ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ነው። አባቴ የአንድ የውጭ አገር ሰው ግቢ ጠባቂ ነበር። ሰውየው ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ነበረችው። እሱ በሌለበት ቀን እኔና ሁለት የሰፈር ልጆች ተደብቀን እንወጣባት ነበር። አንዱ የአየር ኃይል መኮንን ልጅ ነው፤ ሌላው የባለሆቴል ልጅ። እነሱ መሪና ሸራ ይይዛሉ፤ እኔ የሚገባውን ውኃ በጣሳ እየቀዳሁ እደፋለሁ። ስሜም «ጣሳው» ሆኖ ቀረ። ባለፈው ዓመት በቴሌግራም ተገናኘን። አንደኛው አሮጌ ባለሸራ ጀልባ ገዝቶ አሳደሰ። አሁን በየሁለት ወሩ እየሄድኩ አብረን እንወጣለን። እዚያ ስሆን ደስ ይለኛል። ምሳውንም የሸራ ማሳደሻውንም አብዛኛውን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ አይቆጨኝም። ቤት ስመለስ ግን ሳምንት ሙሉ እነጫነጫለሁ። ባለቤቴ «ቢሾፍቱ ሴት አለችህ? ከሌለችህስ የሚያስከፋህ ቦታ ምን ይወስድሃል? ተወው» ትላለች። ኅዳር ላይ ሥራውን ለእሷ ጥዬ በመሄዴ ደግሞ ጭራሽ ተኳረፍን። ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። ባለቤትዎ ያዩት ነገር ግን እውነት ነው። እርስዎ ከጉዞው ተጎድተው ነው የሚመለሱት።

ቀላሉን ላስቀድም። የኅዳሩ ጥፋት የእርስዎ ነው። ጅማ ላይ ኅዳር ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። እሸቱ በየቀኑ ይገባል። ሳስቶ ካልተሰጣና ቶሎ ቶሎ ካልተገላበጠ ይሻግታል። ለቃሚው ገንዘቡን ዛሬውኑ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ባለቤት ላይ ጥሎ ጀልባ ላይ መውጣትን የሚደግፍ የሥነ ልቦና ባለሙያ አያገኙም። ይቅርታ ይጠይቁ። ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሾፍቱ እንደማይሄዱም ቃል ይግቡ። ሐይቁ የካቲትም ይጠብቅዎታል።

ጥርጣሬያቸውም አልገረመኝም። ቢሾፍቱ ቅዳሜና እሁድ የሪዞርት ከተማ ናት። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ፣ ከዚያ ሌላ 45 ጨምሮ የሄደ ባል ተኮሳትሮ ይመለሳል። «ምን ሆንክ?» ሲባል «ምንም» ይላል። ታዲያ ሚስት ምን ትበል? እርስዎ የጣሳውን ነገር ለእኔ ጽፈውልኛል። ለእሳቸው የነገሯቸው ግን የነፋሱንና የውኃውን ደስታ ብቻ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሰው ወደ ኋላ ሲያስብ፣ ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ባለው ጊዜ የሆነው ነገር ከሌላው ዘመኑ በዝቶ ይመጣለታል። ይህ በተለያዩ አገሮች ጥናት ደጋግሞ የታየ ነው። የልጅነት ጓደኛ የሚጣፍጠውም በከፊል ለዚህ ነው። ግን ዕዳም አለው። ጓደኞችዎ ዘንድ ያ ጣሳ የያዘ ልጅ ገና አለ። ሠራተኛ የሚያስተዳድረውን፣ በቡና ገበያ ቃሉ የሚታመነውን ሰውዬ ገና አላወቁትም። እርስዎም ብዙ የረዷቸው አይመስለኝም። ጀልባዋ ጋ ሲደርሱ ማንም ሳያዝዎት ወደ ፊት ሄደው የድሮ ቦታዎ ላይ ይቀመጣሉ ብዬ እገምታለሁ።

ይህ ደግሞ ሌላ ቦታ ቢሆን እንዲህ ባልከፋ ነበር። ካርታ ስትጫወቱ ወይም ቁርጥ ስትበሉ ማን የት እንደተቀመጠ ልብ አይባልም። ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ላይ ግን የበላይና የበታች በግልጽ ይታያል። መሪውን የያዘው ነፋሱን ያያል፤ መቼ እንደምትዞሩ ይወስናል፤ «ዙር!» ይላል። ሸራው ከታች የታሰረበት አግዳሚ እንጨት ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲወረወር የቀራችሁት አንገታችሁን ትቀብራላችሁ። ገመድ ሳብ ሲባል ይሳባል፤ ልቀቅ ሲባል ይለቀቃል። ለደኅንነት ግድ ነው፤ ጀልባ ላይ ክርክር አያዋጣም። ግን አስቡት። በ12 ዓመትዎ አንገትዎን ያስቀብርዎት የነበረው ሰው ዛሬም ያስቀብርዎታል፤ ከዚያ ወርደው የምሳውን ሒሳብ እርስዎ ይከፍላሉ።

ስለ ሒሳቡ ትንሽ ልቆይ። «አይቆጨኝም» ብለዋል። ልግስና መሆኑን አልጠራጠርም፤ የሞላለት ሰው ጓደኛውን ቢጋብዝ ያምርበታል። አንድ ነገር ግን ራስዎን ይጠይቁ። ሒሳቡን ሲሻሙ ልብዎ ውስጥ «አሁንስ አያችሁኝ?» የሚል ድምፅ አለ? ካለ፣ ሳምንት ሙሉ የሚያነጫንጭዎት እሱ ነው። ከፍለዋል፤ እነሱ ግን አላዩም። እንዴት ይዩ? ምን እንደከፈሉበት አልነገሯቸውም። ያላወቁት ዕዳ ደግሞ አይከፈልም። ቤት ሲመለሱ የሚቀጡት ምንም የማያውቁት ባለቤትዎ ናቸው።

ጓደኞችዎ ክፉ ናቸው ብዬ አላስብም። እኛ አገር የልጅነት ቅጽል ስም እስከ መቃብር ይከተላል። አንዳንዱ ሰው እውነተኛ ስሙ የሚታወቀው ለቅሶው ላይ ነው። «ጣሳው» ሲሉዎት ፍቅር የገለጹ ይመስላቸዋል። ስሙ ቢያምዎትም ባያምዎትም ከእርስዎ ካልሰሙ አያውቁትም።

ስለዚህ ይንገሯቸው። ሁለቱንም በአንድ ላይ አይሁን፤ ጀልባዋን ለገዛው ብቻውን ይደውሉለት። ሐይቁ ላይ ሆነው ደግሞ አያንሱት፤ እዚያ ቀልድ ይሆንና ያልፋል። እንዲህ ቢሉት ይበቃል፦ «ስማ፣ ድሮ መሪ ይዤ አላውቅም። በሚቀጥለው ስመጣ መያዝ እፈልጋለሁ። አስተምረኝ። ሌላው ደግሞ፣ ጣሳው የሚለው ስም ሲጠራ ድሮም አልወደውም ነበር።» ለማብራራት አይቸኩሉ። የአባትዎን ሥራ፣ የማን አባት ምን እንደነበር፣ እዚያው ስልክ ላይ መዘርገፍ የለብዎትም። ጊዜው ሲደርስ ይመጣል።

መሪ የያዙ ቀን አያምርብዎትም፤ ይህን ካሁኑ ይወቁት። የመሪውን ዘንግ ወደ ግራ ሲገፉት ጀልባዋ ወደ ቀኝ ትዞራለች። እጅዎ እስኪለምደው ተቃራኒውን ያደርጋሉ። አፍንጫዋን በቀጥታ ወደ ነፋሱ ካዞሯት ሸራው ይርገበገብና ቀጥ ብላ ትቆማለች። ባቦጋያ ደግሞ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቅ ስለሆነ ነፋሱ ከዙሪያው ገደል እየተላተመ ይመጣል፤ ድንገት አቅጣጫ ቢቀይርብዎት አይደንግጡ። ነፋሱ ሳይበረታ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሰው ይጀምሩ። ይስቁብዎታል። ይሳቁ። እየተማረ በሚሳሳት ሰው ላይ የሚሳቀው ሳቅ «ጣሳው» ተብሎ ከሚሳቀው ይለያል፤ ልዩነቱን ራስዎ ይሰሙታል።

አንድ ሌላ ነገር። ጀፍሪ ሆል የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ2018 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው ከአዲስ ሰው ጋር የቅርብ ጓደኛ ለመሆን ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ እንደሚያስፈልገው ገምቷል። የእናንተ ከዜሮ አይጀምርም፤ መተማመኑ አለ። ጎልማሳው እርስዎና ጎልማሶቹ እነሱ ግን ገና አዲስ ትውውቅ ናችሁ። ስለዚህ ከጀልባው ስትወርዱ «ትዝ ይልሃል?» ብቻ አይሁን። ስለ ልጆቻቸው ይጠይቁ፤ ስለ ሥራቸው፣ ስለ ጤናቸው። ያ የባለሆቴል ልጅ ዛሬ ምን እያደረገ እንደሆነ በደብዳቤዎ ውስጥ አንድም ቃል የለም። እርስዎም እሱን እዚያው ልጅነቱ ላይ ትተውት ይሆናል።

ከሁሉ በፊት ግን ለባለቤትዎ ይንገሩ። ጓደኛዎ ጋ ሳይደውሉ። ጣሳውን፣ ስሙን፣ አባትዎ ሰውየው ድንገት እንዳይመጣ በር ላይ ቆመው ምን እንደተሰማቸው፣ የሚያውቁትን ሁሉ። ከዚያ ለየካቲቱ ጉዞ አብረው እንዲሄዱ ይጋብዟቸው። ጀልባ ላይ መውጣት ግዴታቸው አይደለም። ዳር ቁጭ ብለው ሰዎቹን ቢያዩ ጥርጣሬው ብዙ አይቆይም።

መሪውን ጠይቀው ጓደኛዎ «እሺ» ካለ እሰየው። በሳቅ ካለፈው አንድ ጊዜ ይድገሙት፤ ሰው ከልማዱ ባንዴ አይወጣም። እምቢታው ከዚያም በኋላ ከቀጠለ፣ ያኔ እንደገና ይጻፉልኝ። የሚቀጥለው ጥያቄ ከእነሱ ጋር ምን ያህል መቀራረብ እንደሚፈልጉ ይሆናል፤ ጀልባ ለመንዳት ግን ሌላ ቦታ መማርም ይቻላል።