ሐረርን እንደ ጀጎል ልጅ መዞር የምትፈልጉ ጠይቁኝ

ሰላም ጀመዓ! ጀጎል፣ ማለት በግንብ በታጠረችው የድሮዋ ሐረር ውስጥ ተወልጄ ያደግኩ አሁንም እዚሁ የምኖር ነኝ። ሰው ስንት ሰዓት ተጉዞ መጥቶ ጅብ አይቶ፣ በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም በሚጠራው ራምቦ ቤት ፎቶ ተነስቶ፣ በማግስቱ ሲመለስ ሳይ አንጀቴን ይበላኛል። ስለዚህ ያላችሁን ጥያቄ ጣሉት፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ለስራ እመጣለሁ፣ ሐረርን በደርሶ መልስ ማየት ይቻላል?

ይቻላል ግን አየሁ አትበል። ከድሬ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሚኒባስ ሰዓት ምናምን ቢፈጅ ነው፣ ችግሩ መንገዱ ሳይሆን የምትደርስበት ሰዓት ነው። ረፋድ ላይ ትደርሳለህ፣ ቡና ጠጥተህ መዞር ስትጀምር ምሳ ይሆናል፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ እዚህ ብዙ ሰው በርጫ (ጫት መቃም) ላይ ነው፣ ሱቁም ይዘጋጋል መንገዱም ጭር ይላል፣ እንግዳ ታዲያ ልክ በዛ ሰዓት ፀሐይ አናቱን እየመታው ባዶ ግድግዳ ያያል። ከተማዋ የምትኖረው በጠዋትና ከ10 ሰዓት በኋላ ነው አቦ። ሁለት ሌሊት እደር፣ እሱም ጀጎል ውስጥ። የድሮ የሐረሪ ቤቶች ሁለት ሦስት ክፍል ለእንግዳ የሚያከራዩ አሉ። መታጠቢያው የጋራ ሊሆን ይችላል፣ ውሃም አንዳንዴ ይጠፋል፣ ግን ሌሊት አዛን ሰምተህ፣ ጠዋት ግቢው ውስጥ ቤተሰቡ ሲንቀሳቀስ እያየህ ትነሳለህ፣ ይሄን የትም ትልቅ ሆቴል አታገኘውም።

ጥያቄ፦ ጠዋት ምን ልብላ? የሆቴል እንቁላል ሰልችቶኛል

ፈቲራ ወይ ፉል፣ ሻይ ከወተት ጋር። ሰው ተሰብስቦ ካየህ እዛ ቁጭ በል። ከዛ ቁቲ ፈልግ፣ ቁቲ ማለት የቡና ቅጠል ተፈልቶ በወተት የሚጠጣ ነው፣ የገለባው ሐሸር ይባላል። ብዙ ሰው ሐረር መጥቶ ጥቁር ቡና ብቻ ጠጥቶ ይመለሳል፣ እኛ ቤት ግን ስንጠጣ ያደግነው ቅጠሉንና ገለባውን ነው። ቁቲ ካፌ ላይ ላታገኘው ትችላለህ፣ ያረፍክበት ቤት እናትየዋን ጠይቃቸው፣ ደስ ብሏቸው ነው የሚያፈሉልህ።

ጥያቄ፦ ያለ አስጎብኚ ብገባ እጠፋለሁ?

ትጠፋለህ፣ ጥፋ! የግንቡ ዙሪያ ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር ነው፣ ስለዚህ ብትጠፋ የት ትደርሳለህ። ቁልቁለቱን ከተከተልክ ግንቡ ጋር ትደርሳለህ፣ ግንቡን ይዘህ ስትሄድ ከበሮቹ አንዱ ጋር ትወጣለህ፣ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር፣ እነዚህ አምስቱ የጥንቶቹ ናቸው፣ መኪና የሚገባበት ሐረር በር በኋላ የተከፈተ ነው። ዳገቱን ከወጣህ ደግሞ ወደ ገበያው ወይ ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ ትመለሳለህ። መጀመሪያ ቀን ብቻህን ዙር፣ ሁለተኛ ቀን አስጎብኚ ያዝ፣ እኔ የምመክረው እንደዚህ ነው፣ ምክንያቱም በመጀመሪያው ቀን ያየኸው ነገር ጥያቄ ይሆንብሃል፣ አስጎብኚውም ያጠናውን ከመደርደር የጠየቅከውን ያወራልሃል። ግንቡን የሐረር ገዢ የነበሩት አሚር ኑር ያሰሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ስትሄድ ከስር ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች አስተውል፣ ጅቦች በሌሊት የሚገቡባቸው ናቸው፣ ገብተው የቀን ቆሻሻውን ጠርገው ይወጣሉ። ጠባቧን መንገድ ደግሞ አትለፋት፣ ሁለት የተኳረፉ ሰዎች እዛ ፊት ለፊት ከተገናኙ ሳይታረቁ መተላለፍ አይችሉም ይባላል፣ ቆመህ ስታያት ለምን እንደተባለ ይገባሃል።

ጥያቄ፦ ራምቦ ቤት እንዴት ነው ታዲያ፣ ይቅር?

አይቅር፣ ቤቱ ያምራል፣ ከፎቁ ላይ ከተማው ይታያል፣ የድሮ ፎቶዎችም አሉ። ግን ፈረንሳዊው ገጣሚ የኖረበት ቤት አይደለም፣ እሱ ሐረር መጀመሪያ የመጣው በ1880 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ቤቱ ከሱ በኋላ የህንድ ነጋዴ ያሰራው ነው። ይሄን አውቃችሁ ግቡ። እዛ ለመድረስ የምታልፉበት መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ግን ለኔ ከሙዚየሙ ይበልጣል፣ በረድፍ የተቀመጡ ልብስ ሰፊዎች ናቸው፣ ስሙም ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው። ጨርቅ ግዙና አሰፉ፣ ጠዋት ለክታችሁ ማታ ትወስዳላችሁ፣ እስኪያልቅ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ አውሩ። ከሐረር ምን ልግዛ ለምትሉም መልሴ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሰው ቤት ገብቶ ማየት ይቻላል? ነውር እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነው

ጥሩ ጠየቅሽ እህቴ። ይቻላል ግን በር ተከፍቶ ስላየሽ ብቻ አትግቢ፣ ወይ በሰው በኩል ሂጂ ወይ ያረፍሽበትን ቤት በደንብ እይ። ጫማሽን በር ላይ ታወልቂያለሽ። ሳሎኑ ውስጥ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉ፣ ነደባ ይባላሉ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፣ ትልቅ ሰው ከላይ፣ ስለዚህ ዝም ብለሽ አትቀመጪ፣ ያሳዩሻል። ወለሉና መደቡ ቀይ ነው፣ ሽማግሌዎች በ1887 በፈረንጅ አቆጣጠር ጨለንቆ ላይ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ፣ የሐረር አሚር ጦር በምኒልክ ጦር የተሸነፈበት ማለት ነው። ይሄን ሲነግሩሽ ለመከራከር አትቸኩዪ፣ አዳምጪ፣ የነሱ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ደግሞ ስፌቶቹን ታያለሽ፣ እናቶች እጅ ስራ ነው፣ ለሰርግ የሚሰጠው ለብቻው ነው፣ አንዷን ስለ አንዱ ሞሰብ ከጠየቅሽ ከሰዓቱ ያልቃል። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ካየሽ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነበር በድሮው ልማድ። ስትወጪ ብር አስቀምጦ ለመሄድ አትሞክሪ እንግድነት ከሆነ፣ ስኳርና ቡና ይዘሽ መግባት ይሻላል። የሚያስጎበኙበት ቤት ከሆነ ግን ክፍያው የታወቀ ነው ክፈዪ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ፈረንጅ ነው፣ ህፃናት አያስቸግሩትም?

«ፈረንጆ! ፈረንጆ!» ይሉታል፣ አያልቅም። እየሳቀ ሰላም ካላቸው ይበቃቸዋል፣ ብር እንዳይሰጥ ግን አደራ። ትልልቆቹን አሰላሙ ዐለይኩም ካለ፣ ገበያ ላይ የኦሮሞ እናቶችን ገለቶማ (አመሰግናለሁ) ካለ ፊታቸው ይበራል። ካሜራውን ሳይጠይቅ ገበያ ላይ አይደቅን፣ በተለይ ሴቶቹ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ጥል የሚነሳው በሱ ነው። ስጋ ተራ ጋር ደግሞ የገዛውን ከፍ አድርጎ አይያዝ፣ ጭልፊቶቹ ከላይ መጥተው ይነጥቃሉ እውነቴን ነው።

ጥያቄ፦ ጅቡን ማየት የቱሪስት ነገር ነው ወይስ የእናንተም?

ከግንቡ ውጭ ማታ ወደ 1 ሰዓት ላይ ስጋ በእንጨት የሚያበሉት ለእንግዳ ነው፣ ሂድ እይ፣ አይቆጭህም። የኛ የምለው ግን የአሹራ ማታ ነው፣ ገንፎ በቅቤ ተሰርቶ ይቀርብላቸዋል፣ አበላላቸው ታይቶ የመጪው አመት ነገር ይተነበያል። እኔ በልጅነቴ በአባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ መጀመሪያ የሚቀምሰውን ጅብ ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ከዲሲ ነኝ፣ ሐረር ተምሬ ነበር ከ30 አመት በላይ አልተመለስኩም፣ መቼ ልምጣ?

እንኳን ደህና መጡ ጋሼ፣ ሹዋል ዒድን አስበው ይምጡ። ከረመዳን በኋላ ስድስቱ ቀን ከተፆመ በኋላ የሚከበረው ነው፣ በ2023 በፈረንጅ አቆጣጠር ዩኔስኮ መዝግቦታል፣ ማታ ዚክሩ፣ ከበሮው፣ የሴቶቹ ቀለም፣ ከውጭ ያሉ የሐረር ልጆችም ብዙ የሚመጡበት ጊዜ ነው፣ አብረዎት የተማረ ሰው አያጡም። ክፍል ግን ቀድመው ያስይዙ፣ በዛ ሰሞን ጀጎል ውስጥ አይገኝም። ፈረስ መጋላ ላይ የድሮዎቹ ፔጆ ታክሲዎች ተመናምነው ባጃጅ ሞልቶታል፣ እሱን ሲያዩ ትንሽ ይከፋዎት ይሆናል፣ ከበሩ ሲገቡ ግን መንገዱን እግርዎ ያስታውሰዋል። የት ሰፈር ነበሩ? ይፃፉልኝና ነገ ጠዋት በዛ በኩል አልፌ አሁን ምን እንደሚመስል እነግርዎታለሁ።